ግራፍ ሪኔት፦ የካሩን ጥንታዊት ከተማ እንዴት እንጐብኛት



በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በደቡብ አፍሪካ፥ በምሥራቃዊው ኬፕ ክፍለ ሀገር፥ ካሩ በሚባለው ሰፊና ደረቅ ምድር ውስጥ ስለምትገኘው ስለ ግራፍ ሪኔት ከተማ፥ ወደዚያም የሚሄድ እንግዳ ሊያየውና ሊያደርገው ስለሚገባው ነገር እንነጋገራለን። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1786 የተቈረቈረች፥ በአገሪቱም ከኬፕ ታውን፥ ከስቴለንቦሽና ከስዌለንዳም ቀጥላ በዕድሜ አራተኛ ተብላ የምትቈጠር፥ ከ200 የሚበልጡ ቤቶቿና ሕንፃዎቿ በቅርስነት ተመዝግበው በሕግ የሚጠበቁላት በመሆኗ፥ ስለ ውበቷ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጭ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምሻው ውበቷን ብቻ አይደለም። በግራፍ ሪኔት ሁለት ዓይነት ቅርስ አለ፤ አንደኛው በኖራ ተለስኖ፥ በዕውቀትና በገንዘብ ታድሶ፥ በአደባባይ ቆሞ የሚታይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ብዙ ዘመን ያለ ጠባቂ በሕዝብ ኅሊና ውስጥ ብቻ ተሰውሮ የኖረ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ የከተማዪቱን እኩሌታ እንኳ በደንብ አላየም፤ ምክንያቱም አንደኛው ያለ ሁለተኛው የማይገለጥ ምስጢር ነውና። ስለዚህ ጉብኝታችንን በሥርዓት ከምድሪቱ እንጀምራለን፤ ከዚያ ወደ መንገዶቹና ወደ ሕንፃዎቹ፥ ቀጥሎም ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር ወደ ኡማሲዛኬ እንሻገራለን፤ በመጨረሻም በአካባቢዋ ያሉትን ትንንሽ ከተሞች እንዳስሳለን።

አስቀድመን ስለ መንገዱና ስለ ወራቱ ጥቂት እንበል። ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ካለችው፥ ቀድሞ ፖርት ኤልሳቤጥ ትባል ከነበረችው ከግኬበርሃ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 250 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ከተጓዘ በኋላ ግራፍ ሪኔት ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ዛፍ የሌለው ሜዳ፥ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል ግራጫ ቍጥቋጦ፥ እዚህና እዚያ ተበትኖ የሚግጥ የበግ መንጋ፥ በየእርሻው መካከልም ከጥልቅ ጕድጓድ ውሃ እየሳበ በነፋስ የሚዞር የብረት መዘውር ያያል። ከዚያም የበረዶ ተራሮች የሚባሉት ሰንሰለቶች በሰሜን በኩል ብቅ ሲሉ፥ ሰንደይስ የሚባለው ወንዝ እንደ ቀለበት ዞሮ ባቀፋት ስፍራ ላይ ነጫጭ ቤቶቿና የቤተ ክርስቲያኗ ረጅም ግንብ ይገለጣሉ። አገሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለ ሆነ ወራቱ ከእኛ ጋር አይገጥምም፤ በእኛ ዘንድ ሰኔና ሐምሌ ዝናም ሲያወርዱ በዚያ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ ብሩህና ደረቅ ነው፤ በተራሮቹም ራስ ላይ አመዳይ ይወርዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደግሞ ጽኑ የፀሐይ ሐሩር ያለበት ነውና፥ በእግሩ እየዞረ ሊያይ ለሚወድ እንግዳ የሚስማሙት ወራት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ እንደ ገናም ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ናቸው።

እንግዳው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ወደ ተራራው መውጣት ነው። ከከተማዪቱ 14 ኪሎ ሜትር ርቆ የጥፋት ሸለቆ የሚባል ስፍራ አለ፤ ስሙ የሚያስፈራ ቢሆንም ከሥነ ፍጥረት ድንቆች አንዱ በመሆኑ በ1939 በብሔራዊ ሐውልትነት ተጠብቆ እንዲኖር ታውጆለታል። መኪና እስከ ራሱ ድረስ ይወጣል። ከማቆሚያው ጥቂት በእግር ከሄዱ በኋላ መሬቱ በድንገት ያልቅና ከገደሉ ውስጥ እስከ 120 ሜትር የሚደርሱ የድንጋይ ዐምዶች፥ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ፥ ማንም ሳያንጻቸው ቆመው ይታያሉ። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፥ ከ250 ሚሊዮን ዓመት አስቀድሞ በነበረው ዘመን ታላላቅ ወንዞች ጭቃና አሸዋ እያመጡ በዚህ ቈላ ሲያከማቹ፥ ደለሉ በመሶብ እንዳለ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ከዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፥ ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ዐለት በነዚያ ንብርብሮች መካከል ሰርጎ ገብቶ ቀዘቀዘና ዶለራይት የሚባለው ጽኑ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ዝናምና ነፋስ፥ ሙቀትና ውርጭ ለስላሳውን ድንጋይ እየሸረሸሩ ሲወስዱት ጽኑው ስንጥቅጥቅ ብሎ ብቻውን ቀረ፤ ዛሬ የምናያቸው ዐምዶች እነዚህ ናቸው።

ወደዚህ ስፍራ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል መውጣት ይመረጣል፤ በዚያን ሰዓት ዐምዶቹ ከጥቁር ወደ ቀይ፥ ከቀይም ወደ ወርቃማ መልክ ይለወጣሉ፤ ከነሱ ባሻገርም የካምደቡ ሜዳ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ይታያል። በሌላው ወገን ደግሞ ከተማዪቱ በወንዙ እቅፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለምትታይ፥ ጎብኚው ነገ በእግሩ የሚዞርበትን ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ በዓይኑ ይለካል፤ ነጩንና ዛፍ ያለበትን መካከለኛ ክፍል፥ ከወንዙ ማዶም ተጠጋግተው የተሠሩትን ትንንሽ ቤቶች ለይቶ ያያል። ይህን ልዩነት ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለንና። በገደሉ አፋፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን የእግር መንገድ አለ፤ በብዙ ቦታ አጥር ስለሌለበት ልጆችን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርዱ ፈጥኖ ስለሚመጣ ልብስ መደረብ፥ በሩም ስለሚዘጋ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ሸለቆ የሚገኝበት የካምደቡ ብሔራዊ ፓርክ ከ19,000 ሄክታር የሚበልጥ ሲሆን በ2005 በብሔራዊ ፓርክነት ተቋቁሟል፤ ከተማዪቱን ከሞላ ጐደል በሁሉም አቅጣጫ ስለሚከባት፥ ነዋሪው ከቤቱ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጋዘን፥ ጎሽና የተራራ የሜዳ አህያ ሊያይ ይችላል። በዚያው አጠገብ ንቅዌባ የሚባለው የውሃ ግድብ ይገኛል። ይህ ግድብ በ2019 በጽኑ ድርቅ ምክንያት ፈጽሞ ደርቆ ዓሣዎቹ በጭቃው ላይ አልቀዋል፤ ስለዚህም በካሩ ውስጥ ውሃ የሕይወት ነገር መሆኑን አውቆ፥ በሚያድርበት ቤት ውሃን በቁጠባ መጠቀም ለእንግዳ የመጀመሪያው ጨዋነት ነው።

በማግሥቱ ጧት ወደ መንገዶቹ እንውረድ፤ ነገር ግን ቤቶቹን ከማየታችን በፊት ማን እንዴት እንደ ሠራቸው ማወቅ ይገባናል። ይህ ምድር ባዶ አልነበረም፤ የኮይኮይ ከብት አርቢዎችና የሳን አዳኞች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይገዛው ከነበረው ከኬፕ ቅኝ ግዛት ተነሥተው መንጋቸውን እየነዱ ወደ ውስጥ የገቡት ነጮች ገበሬዎች ከ1770ዎቹ ጀምሮ ጠብመንጃ የታጠቀ የዘመቻ ጓድ እያደራጁ ሳኖችን አሳደዱ፤ ወንዶቹን ገደሉ፤ ብዙ ሕፃናትንም ማርከው በየእርሻቸው አገልጋይ አደረጉ። ኩባንያው በ1786 በዚህ ስፍራ የገዥና የዳኛ መቀመጫ ያቋቋመው ይህን ሩቅና ሥርዓት የለሽ ጠረፍ በሕግ ሥር ለማዋል ሲሆን፥ ከተማዪቱንም በጊዜው አገረ ገዥ በነበረው በኮርኔሊስ ያኮብ ቫን ደ ግራፍና በሚስቱ በሪኔት ስም ሰየማት። ሕጉ ግን ለገበሬዎቹ አልጣማቸውም። ማይኒየር የሚባለው ዳኛ የኮይኮይ አገልጋዮች በጌቶቻቸው ላይ የሚያቀርቡትን አቤቱታ መስማቱ ካስቈጣቸው ምክንያቶች አንዱ ሆኖ፥ በ1795 ዳኛውን አባርረው የራሳቸውን መንግሥት አወጁ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ኬፕን ስለ ያዙ ያ መንግሥት ብዙም አልቈየ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ለአንዱ ነፃነት ተብሎ የተጮኸው ጩኸት በሌላው ላይ የሚደረገውን ግፍ ለመጠበቅ ሊሆን እንደሚችል ግራፍ ሪኔት ከብዙዎች ቀድማ አሳይታለች።

አሁን በፓርሶኔጅ መንገድ እንሂድ። ይህ አጭር መንገድ በአንዱ ጫፍ ድሮስትዲ የሚባለውን የገዥውን ቤት፥ በሌላው ጫፍ ደግሞ የካህኑን ቤት ይዞ፥ ሁለቱ ሕንፃዎች ፊት ለፊት እንዲተያዩ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሥልጣነ ምድርና ሥልጣነ መንፈስ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ የቆሙበት ይህን የመሰለ ሥርዓት በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ድሮስትዲን የነደፈው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ሚሼል ቲቦ ሲሆን ሕንፃው በ1806 ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ሆቴል ነው። ከጀርባው ያለው የስትሬች አደባባይ የሚባለው ጠባብ መንገድ በሁለት ወገን በተደረደሩ ትንንሽ ነጫጭ ጎጆዎች የተዋበ ነው፤ በነዚህ ጎጆዎች በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት የኖሩት ከባርነት ነፃ የወጡ ሠራተኞች ነበሩ። እንግዳው ዛሬ በምቾት የሚያድርባቸው ስለ ሆኑ፥ ከመተኛቱ በፊት እነዚያን ሰዎች ማሰቡ ተገቢ ነው።

በመንገዱ በሌላው ጫፍ የሚገኘው ሪኔት ሃውስ የሚባለው የካህናት ቤት በ1812 ተሠርቶ የተጠናቀቀ፥ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ የሚያገለግል፥ ከጣራው በላይ ጌጠኛ ግንባር ያለው ታላቅ ነጭ ቤት ነው። በ1822 ከስኮትላንድ የመጣው መጋቢ አንድሩ መሪ እስከ 1866 በዚህ ኖሯል፤ በ1828 የተወለደው የስሙ ወራሽ ልጁም ስለ ጸሎትና ስለ ትሕትና በጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው አንድሩ መሪ ነው፤ በአገራችን የወንጌላውያን ምእመናን ዘንድም የታወቀ ስም ነው። ሌላው ልጁ ቻርልስ አባቱን ተክቶ ሲያገለግል በ1870 በጓሮው የተከላት የወይን ሐረግ እስከ ዛሬ አለች፤ ግንዷ እንደ ዛፍ ወፍሮ በጣውላ ተደግፎ የሚታይ ሲሆን፥ በዓለም ካሉት ያረጁና የገዘፉ የወይን ሐረጎች አንዷ ተብላ ትጠቀሳለች። በቤቱ ውስጥ የድሮ የቤት ዕቃ፥ የእህል ወፍጮና የእንግዳ መቀበያ አዳራሾች እንደ ጥንቱ ተደራጅተው ይታያሉ።

ዳሩ ግን ጎብኚው በዚህ ቤት ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በ1857 የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፥ ነጮችና ሌሎች ምእመናን በአንድ ቤት ማምለካቸው በቅዱሳት መጻሕፍት የታዘዘና የሚወደድ እንደ ሆነ ካመነ በኋላ፥ ስለ አንዳንዶች ድካም ተብሎ በተለያየ ቤት እንዲያመልኩ ፈቀደ። ይህን የውሳኔ ሐሳብ ለጉባኤው ያቀረበው የዚህ ቤት ባለቤት ሽማግሌው አንድሩ መሪ ነበር። ሰውዬው ርኅሩኅ እረኛ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ለጥቂቶች ድካም ተብሎ የተከፈተው በር በኋላ ሕግ ሆኖ ሕዝብን ከሕዝብ ለየ። ደግ ሰው ክፉን ነገር ለጊዜው ሲታገሥ የሚከተለውን መዘዝ ለማጥናት የሚወድ ሰው ከዚህ ጓሮ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም።

በዋናው መንገድ መካከል፥ መኪናዎች በግራና በቀኝ እስኪዞሩት ድረስ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ የቆመው ግሮተ ኬርክ፥ ማለት ታላቁ ቤተ ክርስቲያን፥ በ1886 ተጀምሮ የታነጸ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ያለውን የሳልዝበሪን ካቴድራል አብነት አድርገው በድንጋይ ሠርተውታል። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በ1821 የተሠራ የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ ሕንፃ ሊፈርስ ሲል ያዳኑት የዚሁ ከተማ ተወላጅ፥ በ1916 የተወለዱት ባለጸጋ አንቶን ሩፐርት ናቸው፤ በእናታቸው በሔስተር ሩፐርት ስም የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሆኖ በ1966 ተከፈተ፤ ከመቶ የሚበልጡ ደቡብ አፍሪካውያን ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ሥራቸውን በነጻ ሰጥተውታል። በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር ደግሞ በካሩ ድንጋይ ውስጥ የተገኙ የጥንት እንስሳት ቅሪተ አካላት፥ የሳን ሥዕሎች ቅጂ፥ የድሮ ፎቶግራፎች፥ እንዲሁም ስለ አንድ የዚህች ከተማ ልጅ የተዘጋጀ ትርኢት ይገኛል። ይህ ልጅ ሮበርት ማንጋሊሶ ሶቡክዌ ነው፤ በእሱም ወደ ሁለተኛው ቅርስ እንሻገራለን።

ኡማሲዛኬ ከተራራው ላይ ሆነን ያየናት የተጠጋጉ ቤቶች ሰፈር ናት። በደቡብ አፍሪካ ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች በዕድሜ ከቀደሙት ውስጥ ትቈጠራለች። ሶቡክዌ በዚህች ሰፈር ታኅሣሥ 5 ቀን 1924 ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በሚስዮን ትምህርት ቤት፥ በሂልድታውንና በፎርት ሄር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም በጆሃንስበርግ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች መምህር ሆነ። በ1959 ፓን አፍሪካኒስት ኮንግሬስ የሚባለው ድርጅት ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። መንግሥት ጥቁሮች ሁሉ ይዘው እንዲዞሩ የሚያስገድደውን የይለፍ ደብተር በመቃወም መጋቢት 21 ቀን 1960 ደብተሩን ትቶ በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንዲታሰር ራሱን ሰጠ። በዚያው ቀን በሻርፕቪል ፖሊሶች በሕዝብ ላይ ተኩሰው 69 ሰዎች ገደሉ፤ ዓለምም የዘር መለያየት ሥርዓት የሆነውን የአፓርታይድን መልክ በግልጥ አየ።

ሶቡክዌ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጊዜውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ግን ፓርላማው፥ ፍርዱን የጨረሰ እስረኛ በየዓመቱ እየታደሰ እንዲታገድ የሚፈቅድ አንቀጽ አወጣ፤ ያም አንቀጽ ከሶቡክዌ በቀር በማንም ላይ ስላልዋለ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ከ1963 እስከ 1969 ስድስት ዓመት በሮበን ደሴት በአንዲት ትንሽ ቤት ለብቻው ተቀመጠ፤ ከሌሎች እስረኞች ጋር መነጋገር ተከልክሎ ሳለ በመጻሕፍት ተጽናንቶ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በኩል የምጣኔ ሀብት ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም ወደ ኪምበርሊ በግዞት ተላከ፤ በዚያም ሕግ ተምሮ የጠበቃነት ሥራ ሠራ፤ የካቲት 27 ቀን 1978 በሳንባ ካንሰር ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ መጋቢት 11 ቀን በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ተቀበረ።

መቃብሩ ዛሬ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ታውጇል። ይሁን እንጂ ከአንድ ጊዜ በላይ በክፉ ሰዎች እጅ ተሰብሯል፤ ደጋግሞም ታድሷል። እዚህ ላይ ሁለቱን ቅርሶች እናስተያይ፤ ገዥው ያደረበት ቤት ከ200 ዓመት በኋላ ኖራው ሳይቆሽሽ ሲቆም፥ ስለ ሰው ልጅ ክብር የታሰረው መምህር በመቃብሩ እንኳ ዕረፍት አላገኘም። ስለዚህ ጎብኚ ወደዚህ መቃብር ሲመጣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ይቁም፤ በስሙ የተቋቋመውን የትምህርትና የመታሰቢያ ማዕከል ይጐብኝ፤ በሰፈሩም ሲዞር ተወላጅ መሪ ይዞ፥ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፥ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ ጠይቆ ይሁን። ሽማግሌዎቹ የሚተርኩትን መስማት ከማናቸውም ሐውልት ይበልጣል።

ከግራፍ ሪኔት ወደ ምሥራቅ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኘው ክራዶክ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትዝታ አላት። በ1888 የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ነጋዴዎችን ጀልባዎች ይዞ ብዙ የኦሮሞ ሕፃናትን ነፃ አወጣ፤ ከነዚህም 64ቱ በ1890 በምሥራቃዊው ኬፕ ወደ ሎቭዴል የሚስዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ከነሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ አድጋ በክራዶክ ኖረች፥ በዚያም አገባች። የልጇ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር በ1936 በዚያችው ከተማ ተወልዶ የታወቀ ሊቅ ሆነ፤ አፓርታይድን ስለ ተቃወመ ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት ታሰረ፤ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተከራከረ። ከምድራችን በግፍ ተሰርቃ የተሸጠች ሕፃን ልጅ በካሩ ምድር ይህን የመሰለ ፍሬ ማፍራቷን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በክራዶክ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። በዚያው አጠገብ በ1937 የተከለለው የተራራ የሜዳ አህያ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ይህ እንስሳ ከመቶ ያነሰ ቍጥር ብቻ ቀርቶት ሳለ በጥበቃ ከመጥፋት የዳነ ነው።

ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል በተራሮቹ መካከል ብንጓዝ ደግሞ ኒው ቤቴስዳ የምትባል መንደር እናገኛለን። በዚህች መንደር በ1897 የተወለደችው ሔለን ማርቲንስ ወላጆቿ ከሞቱ በኋላ ብቻዋን ስትኖር፥ የቤቷን ግድግዳ በተፈጨ ብርጭቆ ሸፍና የመብራትና የመስተዋት ቤት አደረገችው፤ ጓሮዋንም ወደ ምሥራቅ በሚመለከቱ ግመሎች፥ በጠቢባንና ከሁሉ ይልቅ በጉጉቶች ምስል ሞላችው። ከምስሎቹ ብዙዎቹን ከስሚንቶና ከሽቦ የሠራላት የእጅ ጥበብ ባለቤቱ ኩስ ማልጋስ ነበር፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ከእሷ ስም በኋላ የሚነሣ ቢሆንም ያለ እሱ እጅ ያ ጓሮ ባልኖረም ነበር። እሷ በ1976 በሐዘን ሕይወቷን አጠፋች፤ እሱ ግን በ1990ዎቹ ተመልሶ ሐውልቶቹን አደሰ። ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔት አቶል ፉጋርድ ከሕይወቷ ተነሥቶ ተውኔት ጽፎላታል። በዚያችው መንደር ያለውና በቅሪተ አካል ፍለጋ ስመ ጥር በሆነው በጄምስ ኪችንግ ስም የተሰየመው ማዕከል ከዳይኖሰር በፊት የነበሩትን እንስሳት ዐጽም በድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ያሳያል።

ስለ ምግቡና ስለ ንግዱም ጥቂት ልበል። የካሩ በግ የሚግጠው መዓዛ ያለው ቍጥቋጦ ስለ ሆነ ሥጋው ከሌላው ይለያል ይባላል፤ በአገሪቱም ይህን ስም ለመጠበቅ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በፍም ላይ የሚጋገረው ሩስተርኩክ የሚባለው ትንሽ ዳቦና ቢልቶንግ የሚባለው ቋንጣ ለመንገድ ስንቅ የሚሆኑ ናቸው። በአካባቢው ከሚረቡት ከአንጎራ ፍየሎች የሚገኘው ሞሄር የሚባለው ጠጕር ከዓለም ምርት እኩሌታ ያህሉን ለምታቀርበው ለደቡብ አፍሪካ ታላቅ ሀብት ስለ ሆነ፥ ስጦታ ለመግዛት የሚወድ ሰው ከዚሁ የተሠራ ነጠላ ወይም ካልሲ ቢገዛ ገንዘቡ ከሸማኔውና ከእረኛው እጅ ይገባል።

የተከበራችሁ አድማጮች፥ አንድ ከተማ በሕንፃዎቿ ዕድሜ ብቻ ጥንታዊት አትባልም፤ በውስጧ የተደረገውን ደግና ክፉ ሁሉ ሳትሰውር ለልጆቿና ለእንግዶቿ ስታስተምር ነው ታሪካዊት የምትባለው። ግራፍ ሪኔት ይህን ሥራ ጀምራለች፤ ገና አልፈጸመችም። እንዲፈጸም ከሚረዱት አንዱ ጎብኚው ነው፤ እንግዳ የሚጠይቀው ነገር በአገሬው ዘንድ ይከበራል፤ እንግዳ የማይጠይቀው ግን እየተረሳ ይሄዳልና። ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በንግድና በሥራ የምትኖሩ ወገኖቻችን፥ ከዚህም ወደዚያ የምትሄዱ መንገደኞች ሁሉ፥ በአንዲት ቀን እንኳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ግራፍ ሪኔት ውጡ፤ ቀኑን ለሁለት ክፈሉት፤ እኩሌታውን ለፓርሶኔጅ መንገድ፥ እኩሌታውን ለኡማሲዛኬ ስጡ፤ ሳትመለሱም በሶቡክዌ መቃብር ላይ አበባ አኑሩ።